ሌሊት ሌሊት «ተሳክቷል» ሲለን የኖረው ባክአፕ

ይህንን የምጽፈው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከወረቀት እያየሁ የድሮ ደብዳቤዎችን እንደ አዲስ ስተይብ ቆይቼ ነው፤ ንዴቴም ገና አልበረደም። በምሠራበት መሥሪያ ቤት የሁላችንም ፋይል ቢጠፋ ምትክ እንዲኖረው (ባክአፕ የሚባለው ይህ ነው) በየሌሊቱ በኔትወርክ ወደ ሰርቨር፣ ማለትም ቅጂው ወደሚቀመጥበት የጋራ ኮምፒውተር፣ ይገለበጣል፤ ጠዋት ስንገባም «ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ምልክት እናያለን። አራት ዓመት ይህንን ምልክት አምነን ኖርን። መብራት ሄዶ በድንገት ሲመለስ የኮምፒውተሬ ሃርድ ዲስክ ተበላሸና ፋይሎቼን ከሰርቨሩ ለመመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከርን።

400 ጊጋባይት የሚሆነው ፋይል በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ በማያስተላልፍ አሮጌ ስዊች (ኮምፒውተሮቹን በኔትወርክ የሚያገናኝ ዕቃ) በኩል ስለሚያልፍ ሥራው 10 ሰዓት ያህል ፈጀ። ይህስ ይሁን፣ ይታለፋል። ሲያልቅ ግን ፎልደሮቹ ሁሉ በየቦታቸው ተመልሰው ሳለ አጥብቄ የምፈልጋቸው ደብዳቤዎች በውስጣቸው አልነበሩም። በእንግሊዝኛ የተሰየሙት አሉ፤ አጭር የአማርኛ ስም ያላቸውም አሉ፤ የጠፉት ረጅም የአማርኛ ስም ያላቸው ብቻ ናቸው።

ምክንያቱን ሳውቅ ነው ይበልጥ የተቃጠልሁት። የእኛ ሰርቨር፣ ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና እንደሚሠሩት ብዙዎቹ ሰርቨሮች፣ የፋይል ስምን የሚለካው በፊደል ብዛት ሳይሆን ኮምፒውተሩ ውስጥ በሚይዘው ቦታ፣ በባይት፣ ነው፤ ከ255 ባይት የበለጠውንም አይቀበልም። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ዘዴ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ የአማርኛ ስም 85 ፊደል ላይ ሲደርስ ቦታው ያልቃል። ዊንዶውስ ግን በዚህ መንገድ ስለማይቆጥር ስሙን ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበላል። የመዝገብ ቤት ሰው ደግሞ ፋይል የሚሰይመው በደብዳቤው ጉዳይ ነው፦ «በ2014 በጀት ዓመት ለቢሮ ዕቃ ግዥ የወጣው ጨረታ የቴክኒክ ግምገማ ውጤትን በተመለከተ ለግዥ አጽዳቂ ኮሚቴ የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ ከአባሪ ሰነዶችና ከቃለ ጉባኤ ጋር»። ይህ ስም ክፍት ቦታው ሲደመር 260 ባይት ነው። በ5 ባይት ምክንያት ሰነዱ አራት ዓመት አንድም ቀን ሰርቨሩ ጋ ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው።

ፕሮግራሙ አልደበቀብንም። «የፋይሉ ስም በጣም ረጅም ነው» የሚለውን መልእክት በየሌሊቱ ሎጉ (የሥራውን ውሎ የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ ሲጽፍ ኖሯል፤ ከፍቶ ያነበበው ሰው ግን የለም። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የዳታቤዙን ፋይሎች በስህተት በሰረዘ ጊዜ፣ ባክአፑ ሳይሠራ መቅረቱን የሚያስታውቁት ኢሜይሎች ለሠራተኞቹ ሳይደርሱ መቅረታቸውን ራሱ በይፋ ጽፏል። እዚያ ማስጠንቀቂያው መንገድ ላይ ቀረ፤ እኛ ዘንድ ግን በእጃችን ነበር።

በየስብሰባው «ባክአፕ አለን» የሚሉ ኃላፊዎች ከዚያ ባክአፕ አንድ ፋይል እንኳ አውጥተው ከፍተው እንደሆነ እንዲነግሩን እፈልጋለሁ። በወር አንድ ጊዜ ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ፋይል መርጦ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መመለስና መክፈት ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ይህ ቢደረግ ኖሮ ጉድለቱ ቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር። ሰርቨሩ ሁለት ዲስክ ስላለው አይጠፋም ያሉኝም አሉ፤ ሁለቱ ዲስኮች አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲተካው የተቀመጡ እንጂ ያልተገለበጠን ፋይል ከየት ሊያመጡት ይችላሉ?

ከጠፉት አብዛኞቹን ከወረቀት ቅጂ መልሼ ተይቤአለሁ፤ የሦስቱ አባሪ ሠንጠረዥ ግን በወረቀትም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ስዊቹ ተቀይሯል፤ የፋይል ስም እንድናሳጥርም ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሎጉን በየጠዋቱ እንዲያነብ የተመደበ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።