የእናቴ ስፌት ማርካ አልነበረውም

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ እኛም ዕቃችንን ጠቅልለን ወደ ገላን ጉራ ሄድን። የጭነት መኪናው ጠዋት ይመጣል ስለተባለ ሌሊቱን ሙሉ ስናስር አደርን። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ምጣዱ፣ ሁሉም ተራው ደርሶ ታሰረ። በመጨረሻ ጓዳ ጥግ ላይ በአሮጌ ነጠላ ተሸፍኖ የቆመ አንድ ነገር ቀረ። የእማዬ የልብስ ስፌት መኪና። ጥቁሩ ባለ ፔዳል ሲንጀር። ቺንጋው ከተበጠሰ ዓመታት አልፈዋል።

ያን ሰሞን ቆራሌዎች ከሰፈራችን አይጠፉም ነበር። አንዱ መኪናውን አየና ዋጋ ጠራ። ወንድሜ «ቦታ ይይዝብናል፣ እንስጠው» አለ። እማዬ ምንም አልተናገረችም። ወንበር ሳበችና መኪናው አጠገብ ተቀመጠች። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ መኪና ነው። በመሃል አዲስ አበባ ያደገ የኔ ዕድሜ ሰው፣ ካዛንቺስም ይሁን አራት ኪሎ፣ ዶሮ ማነቂያም ይሁን ሰንጋ ተራ፣ በራሱ ቤት ባይሆን በጎረቤቱ ቤት እንዲህ ያለ መኪና ያስታውሳል ብዬ አምናለሁ። ድምፁንም ያስታውሳል። ማታ እንቅልፍ ሲወስደን የሚሰማን እሱ ነበር።

እኔ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ነው ያደግኩት። ልጅ ሳለሁ ስኳሩም ሳሙናውም ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ነበር የሚወጣው። አዲስ ልብስ በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። በኛ ቤት ለጥምቀት የደረሰ ቀሚስ ሁሉ እዚያችው ሳሎን ውስጥ የተሰፋ ነው።

ጨርቁ ከመርካቶ ይመጣል። አቡጀዲ ለአንሶላና ለውስጥ ልብስ፣ ካኪ ለወንድሞቼ ቁምጣ፣ ፖፕሊን ለኔና ለእህቴ ቀሚስ። ነጋዴው በሜትር ሲለካ እማዬ በዓይኗ ትከተለዋለች። ቤት ስትደርስ በክንዷ ደግማ ትለካለች። ከዚያ ጨርቁ ውሃ ውስጥ ይነከራል። «ይሰብሰብና ነው የሚቆረጠው» ትላለች። ካኪ ታጥቦ እንደሚያጥር ማንም አልነገራትም። አንድ ጊዜ የታላቅ ወንድሜን ሱሪ አበላሽታ ነው ያወቀችው።

ልኬቱ ላይ ሜትር የለም። ጀርባችንን ሰጥተን እንቆማለን፣ እሷ በክር ትለካና ትቋጥራለች። ለትከሻ አንድ ቋጠሮ፣ ለወገብ አንድ፣ ለቁመት አንድ። የአምስታችን ክር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። ምንም አልተጻፈበትም። የትኛው የማን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ጋዜጣ መሬት ላይ ትዘረጋና ቅዱን በእርሳስ ትስልበታለች። ጨርቁ ላይ ምልክት የምታደርገው ደግሞ አልቆ በሳሳ የሳሙና ስባሪ ነው። ሲታጠብ ይለቃል።

ትልቁ ጥበቧ ግን የቀሚሱ ጫፍ ላይ ነበር። አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፋ ትዘመዝመዋለች። ያ ለሚመጡት ዓመታት ነው። መስከረም ሊጠባ ሲል ዝምዝማቱን ፈትታ አንድ ጣት ያህል ታወርደዋለች። ታጥፎ የቆየው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው ጠቆር ብሎ ይወጣል። ሰማያዊው የዩኒፎርም ቀሚሴ በመጨረሻ ሦስት መስመር ነበረው። ስንት ዓመት እንደለበስኩት ከሩቅ ይነበብ ነበር። ያኔ እጠላው ነበር ያንን መስመር። አሁን ሳስበው፣ ገና ያላደግኩትን እኔን አስባ ቦታ ያስቀመጠችልኝ ሌላ ሰው የለም።

ምንም ነገር አይጣልም። የአባዬ ሸሚዝ ኮሌታው ሲያልቅ ተፈትቶ ይገለበጣል። ሸሚዙ ራሱ ሲያልቅ ከጀርባው ለትንሹ ወንድሜ ሸሚዝ ይወጣል። ከዚያ የትራስ ልብስ፣ ከዚያ መወልወያ። ሹራብ ይተረተራል፣ ክሩ ታጥቦ ይጠቀለላል፣ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ሹራብ ሆኖ ይመጣል። በር ላይ «ልዋጭ!» የሚሉት ሲያልፉ እኛ ቤት የሚያገኙት ነገር እምብዛም ነበር። ሌላው ሰው አሮጌ ልብስ ሰጥቶ ሳህንና ጆግ ሲወስድ፣ እማዬ «ገና ነው ይሄ» ብላ ትመልሳቸዋለች።

ጎረቤታችን የነበሩ እናት ደግሞ መኪና አልነበራቸውም። እንዝርት ነው የነበራቸው። ጥጡን ለቅመው ይዳምጡታል፣ በደጋን ይነድፉታል፣ አመልማሎ ያደርጉታል፣ ከዚያ ሲፈትሉ ይውላሉ። ጨዋታቸውም ቡናቸውም ከእንዝርታቸው ጋር ነው። ፈትሉ ሲበቃ ይዘውት ሽሮ ሜዳ ይወጣሉ፣ ከሸማኔ ጋር ይነጋገራሉ፣ ነጠላ ወይም ጋቢ ሆኖ ይመለሳል። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ቤት እያስተዳደሩ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ክር መፍተል ወራት ይፈጃል። ዛሬ ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ሆኗል፣ የእጅ ፈትል ሆኖ የቀረው ማጉ ነው። እኔ ስዳር የለበስኩት ጋቢ ግን ድሩም ማጉም የሳቸው እጅ ነበር። እሳቸው ዛሬ የሉም። ጋቢው አለ።

አሁን ወደማይረሳኝ ነገር ልምጣ።

ከ1983 በኋላ ነው፣ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሰልባጅ በዙሪያችን በዝቶ ነበር። አሮጌ ልብስ ነግዶ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ግን በኮንትሮባንድ ይገባል፣ ቦንዳው ይፈታል፣ ገበያ ላይ ይዘረጋል። የክፍሌ ልጆች አንገታቸው ላይ የውጭ ጽሑፍ ያለበት ልብስ መልበስ ጀመሩ። ያኔ አንድ ጨዋታ መጣ። ከኋላ መጥተው ኮሌታሽን ይገለብጡና ማርካ ይፈልጋሉ። የኔ ባዶ ነው። «ቤት የተሰፋ!» ብለው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ የሠራችልኝን ቀይ ሹራብ ትምህርት ቤት በር ላይ አውልቄ ቦርሳ ውስጥ እከት ጀመር። የሐምሌ ብርድ በመሰለ ጠዋት እንኳ እየተንቀጠቀጥኩ እማራለሁ።

እማዬ ሹራቡን ተጨማድዶ ቦርሳዬ ውስጥ አገኘችው። አልተቆጣችም፣ አልጠየቀችኝም። በማግስቱ ስለብሰው አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ኮሰኮሰኝ። አውልቄ አየሁት። ከአንድ የሰልባጅ ሸሚዝ ላይ ማርካ ፈትታ፣ ሹራቤ ላይ በጥቃቅን ስፌት ሰፍታዋለች። አራቱም ጥግ እኩል። ማርካው የወንድ ሸሚዝ ነው፣ መጠኑም የትልቅ ሰው ነው። እሷ አታነበውም። እኔ ያየሁት ስፌቱን ነው።

ያን ቀን ሹራቡን አላወለቅኩም። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም። እስካሁንም አልጠየቅኳትም። ይህን ስጽፍ አንዱ ምክንያቴ እሱ ነው።

አማርኛችን ውስጥ «ሙያ» የሚባል ቃል አለ። ሐኪሙም ኢንጂነሩም ባለሙያ ይባላል። ዶሮ ወጥ አሳምራ የምትሠራ ሴትም ባለሙያ ትባላለች። ጎረቤቶቻችን እማዬን «ባለሙያ» ነው የሚሏት። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ግን ሥራ በሚለው ቦታ «የቤት እመቤት» ተብሎ ተጽፏል። ከቤታችን ሃምሳ እርምጃ ርቆ በረንዳ ላይ ተመሳሳይ መኪና ዘርግቶ የሚሠራው ሰውዬ ግን «ልብስ ሰፊ» ነበር። ሥራ ያለው ሰው። እሷ አምስት ልጅና አንድ ባል አልብሳ ሥራ የላትም። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ሰውዬው ይከፈለው ነበር፣ እሷ አይከፈላትም ነበር። ሌላ ልዩነት አላገኘሁም።

በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ብዙ ተስፋ አድርገን ነበር። እኔም አንዷ ነኝ። እንጀራ ነው፣ ለብዙ ወጣት ሴቶች የመጀመሪያ ደሞዝ ነው። ግን እዚያ አንዷ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ትሰፋለች፣ ሌላዋ ኮሌታ፣ ሌላዋ ኪስ። ሸሚዙን ከጨርቁ እስከ ካውያው ድረስ ሙሉውን የምታውቀው የለችም። እማዬ ታውቀው ነበር። እንዲህ ያለ እውቀት በየሰፈሩ፣ በየጓዳው ነበረን። እና ሳናስተላልፈው ቀረን።

ለምን ቀረን? ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። እናቶቻችን ራሳቸው ናቸው ያልሰጡን። መኪናው ላይ ስቀመጥ እማዬ «ተነሺ፣ ደብተርሽን ያዢ» ትለኝ ነበር። እሷ ያልተማረችውን እኔ እንድማር ፈልጋ ነው። መርፌና ክር ለሷ ያጣችው ትምህርት ምትክ ነበር፣ እኔ ግን ያ ምትክ እንዲያስፈልገኝ አልፈለገችም። ተማርኩ፣ ተመረቅኩ፣ ቢሮ ገባሁ። ዛሬ የልጄ ሱሪ ጉልበቱ ሲቀደድ መጣፍ አልችልም።

«እና ምን ይጠበስ? ልብስ እንደሆነ ይገዛል፣ ማን ጊዜ አለው?» የሚል ሰው አለ። ልብስ ይገዛል፣ እውነት ነው። ግን የተገዛው ልብስ ማጠር አለበት፣ መጥበብ አለበት፣ ዚፑ ይበላሻል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ ያገኛሉ። ለስንቱ እናት ሸክም ያቀለለ መልካም ነገር ነው። ግን ዩኒፎርሙ የሚመጣው በቁጥር ተለክቶ ነው፣ ልጅ ደግሞ በቁጥር አያድግም። የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ጫፉን ማጠፍ አለበት። ያ የሆነ ሰው ከቤት እየጠፋ ነው።

ሌላም ጥያቄ ሰምቻለሁ። ሴት ልጅን ወደ ጓዳ መመለስ አይሆንም ወይ? አይሆንም፣ ወንዱም ከተማረ። በአገራችን ሸማኔው ወንድ ነው። በየበረንዳው መኪና የሚነዳው ልብስ ሰፊም በአብዛኛው ወንድ ነው። ወንድ መርፌ መያዙ ለኛ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። እኔ ስማር የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነበረን፤ ለሴቶች ጥልፍ፣ ለወንዶች ሌላ። አሁን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለሁሉም ልጅ ይሰጥ። ቁልፍ መትከል፣ መጣፍ፣ መዘምዘም፣ ሲሆን ደግሞ አንድ ሸሚዝ ከቅዱ ጀምሮ። አስተማሪዎቹ በየሰፈሩ ያሉት እናቶች ይሁኑ፣ ደሞዝም ይከፈላቸው። መታወቂያቸው ላይ ያልተጻፈው ሥራ ደሞዝ መክፈያ ላይ ይጻፍ። ኮንዶሚኒየም ግቢዎች ውስጥ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ መጠቀሚያ ቤት አለ። አንድ ጥግ ላይ ሁለት የስፌት መኪና ቢቆም ማንንም አያጣብብም። ከመሃል ከተማ የተነሳ ሰው የተበተነ ጎረቤቱን እንደገና የሚያገኝበት ቦታም ይሆናል። ድሮ የእማዬ መኪና አጠገብ ቡና ያልጠጣ የግቢያችን ሰው አልነበረም።

የእማዬ ዓይን አሁን ደክሟል። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አትችልም። ባለፈው ቅዳሜ አሥር ዓመት የሆነውን ልጄን «ና እስቲ፣ ይቺን አስገባልኝ» አለችው። አስገባላት። የራሱን ሸሚዝ አምጥታ የወለቀውን ቁልፍ እንዴት እንደሚተከል አሳየችው። እኔን ከመኪናው ታስነሳኝ የነበረችው ሴት ናት። እሱን ግን ደብተርህን ያዝ አላለችውም።

ቁልፉን ተከለው። ጠመመ። እማዬ በጣቷ ዳሰሰችውና «ፍታው» አለች። ፈታው። ሁለተኛውም ጠመመ። ሦስተኛው ላይ ዝም አለች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችለት።

ከዚያ መኪናውን እያየች፣ ቺንጋው መርካቶ አይጠፋም አለች። ቅዳሜ ሦስታችንም እንሄዳለን።