«26 ዲግሪ ብቻ ነው» ላላችሁኝ ሁሉ

ከእንግዲህ የተራራ ሩጫ ሊጀመር ሲል «ዛሬማ አየሩ አሪፍ ነው፣ 26 ዲግሪ ብቻ ነው» የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልከራከረውም። የደረት ቁጥሬን ፈትቼ እሱ ላይ ሰክቼ ዳገቱ ሥር አቆመዋለሁ። ይውጣውና ይንገረኝ።

26 ዲግሪ በደረቅ አየር፣ ነፋስ ባለበት ሜዳ ላይ ምንም አይደለም። እርጥበቱ 90 በመቶ ሲሆን ግን ያው 26 ሰው ይጥላል። ስንሮጥ ከምናቃጥለው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ቢበዛ ሩብ ያህሉ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። እሱን የሚያስወጣልን በዋናነት ላብ ነው። ችግሩ ላብ በመውጣቱ ብቻ አያበርድም፣ መትነን አለበት። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ተንጠባጥቦ መሬት ላይ ሲወድቅ ግን ይዞት የሚሄደው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በወበቅ ቀን አየሩ ራሱ ውኃ ጠግቧል፣ የኔን ላብ የት ያድርገው? ከክርኔ ጫፍ ይንጠባጠባል፣ ዓይኔን ያቃጥላል፣ ካልሲዬ ውስጥ ይጠራቀማል። ገንዘቡን ተቀብሎ ዕቃውን እንደሚከለክል ነጋዴ ውኃዬንም ጨዌንም ይወስዳል፣ ቅዝቃዜዋን ግን አይሰጠኝም።

ይህ በሜዳ ነው። ዳገት ሲጨመርበትማ ተዉት! ሜዳ ላይ ፈጠን ብሎ የሚሮጥ ሰው ቢያንስ የራሱን ነፋስ ይፈጥራል፤ አየሩ ፊቱ ላይ ያልፋል። ዳገት ላይ ግን እጅህን ጉልበትህ ላይ ተክለህ እንደ እግረኛ ነው የምትወጣው። ልብህ በሙሉ ኃይሉ ይመታል፣ ጭንህ እንደ እሳት ይነድዳል፣ የምታመነጨው ሙቀት ከሜዳው አይተናነስም፣ ነፋሱ ግን የለም። ጫካ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጥላው ያታልልሃል። ፀሐይ የለችም ብለህ ደስ ሲልህ አየሩ ቆሟል፤ ቅጠል አይነቃነቅም። እኔ በበኩሌ ከዚያ ጥላ ይልቅ ነፋስ የሚያገኘው ገላጣ ሸንተረር ይሻለኛል፣ ፀሐዩ ቢያቃጥለኝም።

ቁልቁለቱ ላይ ታርፋለህ የሚሉ አሉ። ጫማው በላብ ርሶ፣ እግር ውስጡ እየተንሸራተተ፣ ሥሩና ድንጋዩ በእርጥበት እያሟለጨ፣ የፊት ጭን ሰውነትን ለመያዝ እየተንቀጠቀጠ ነው ዕረፍቱ።

አሁን ወደ አዘጋጆቹ ልምጣ፣ እውነተኛው ብሶቴ እዚያ ነው። የማቋረጫ ሰዓቱን፣ ማለትም እሱ ካለፈብህ ከውድድሩ የምትወጣበትን ሰዓት፣ ማን ነው የሚያወጣው? ዳገቱንስ ያሰሉታል፤ ዓለም አቀፉ የትሬል ሩጫ ማኅበር እንኳ ቀላል ስሌት አለው፣ እያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ እንደ 1 ኪሎ ሜትር ይደመራል። 30 ኪሎ ሜትር ሆኖ 2,000 ሜትር ሽቅብ ካለው እንደ 50 ይቆጠራል ማለት ነው። መልካም። ወበቁስ? እዚያ ስሌት ውስጥ የለም። በቀዝቃዛ ወር የተሮጠበትን ሰዓት ወስደው ለወበቅ ወር ይለጥፉታል፣ ከዚያ ዳገቱ አናት ላይ ሰዓት ይዞ የቆመ ሰው «አልፎብሃል፣ ቁጥርህን አምጣ» ይልሃል።

መለኪያ ጠፍቶም አይደለም። ደብሊው ቢ ጂ ቲ የሚባል ልኬት አለ፤ በ1950ዎቹ የአሜሪካ ወታደሮች በሥልጠና ላይ በሙቀት እየወደቁ ሲያስቸግሩ የተሠራ ነው። በዚያ ልኬት 70 በመቶውን ክብደት የሚይዘው በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ቴርሞሜትር፣ ማለትም እርጥበቱ ላብን ምን ያህል እንደሚያስተንን የሚያሳየው ነው፣ 20 በመቶው የፀሐዩ ጨረር ነው። እናንተ ጠዋት ከስልካችሁ አንብባችሁ የምትነግሩኝ የአየር ሙቀት የቀረችው 10 በመቶ ናት! በ10 በመቶ ነው «አሪፍ ነው» የምትሉኝ።

«ጠንካራ ሯጭ ይችለዋል» ለሚለው ደግሞ ዶሃን ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ተብሎ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀመረ። ፀሐይ የለም፣ ዳገት የለም፣ መንገዱ አስፋልት ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከ68 ሯጮች የጨረሱት 40 ናቸው። የዓለም ምርጦች ናቸው እኮ! የእኛዎቹ ሦስቱም አቋርጠዋል። እነሱን ሰነፍ የሚላቸው ካለ ብቻ እኔንም ይበለኝ።

«ልመደው» የሚለውም ምክር አለ። እውነት ነው፣ ሰውነት ከ10 እስከ 14 ቀን ሙቀት ውስጥ ቢሠራ ይለምዳል። ሲለምድ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ግን ቶሎና አብዝቶ ማላብ ነው። የማይተን ላብ ጨመረልህ፣ እንኳን ደስ አለህ።

የውኃ ጣቢያው ላይ ያሉት ልጆች ደጎች ናቸው፣ አልከፋባቸውም። ግን «ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጨርሰው!» የሚለውን ጩኸት ማን አስተማራቸው? ባዶ ውኃ ያለልክ መጋት የደም ጨው ያወርዳል፣ ይገድላልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ 488 ሯጮች ሲጨርሱ ደማቸው ተመርምሮ 13 በመቶዎቹ የሶዲየም መጠናቸው ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል። ጨው ያለበት ነገር በየጣቢያው ማስቀመጥ ይህን ያህል ከባድ ነው?

የእጅ ሰዓቴንም ሳልረግመው አላልፍም። ደም ለጡንቻም ለቆዳም ሲከፋፈል፣ በላብ ደግሞ እየጎደለ ሲሄድ፣ በዚያው ፍጥነት ላይ የልብ ምት ሽቅብ ይወጣል። ይህ የማንም ልብ የሚያደርገው ነው። ሰዓቱ ግን ይህን አይቶ «ሥልጠናህ ፍሬያማ አይደለም» ብሎ ጻፈልኝ። አንተ ብረት!

ይህ ሁሉ ይታለፍ። ያላለፈልኝ የመጨረሻው መስመር ነው። አንድ ሯጭ ገብቶ እየተንገዳገደ፣ የሚናገረው እየተምታታ ወደቀ። በሙቀት ለወደቀ ሰው ሕጉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ። በረዶ ውኃ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ደቂቃዎቹ ናቸው የሚያተርፉት። እዚያ ገንዳ የለም፣ በረዶ የለም፤ አንዱ በካርቶን ያራግብለታል፣ ሌላው አምቡላንስ እየደወለ ይጠራል። እግዜር ይስጣቸው፣ ሌሎች ሯጮች የተረፋቸውን ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሰውበት ነው ነፍስ የዘራው። በነፋስ የሚነፋው የመግቢያ ቅስት ግን በቦታው ነበር። ሜዳሊያውም፣ ፎቶ መነሻውም፣ ጆሮ የሚበጥሰው ሙዚቃም። ለድምፅ ማጉያ ጀነሬተር ተራራ ሥር ድረስ ጭኖ ያመጣ ሰው፣ ለበረዶ መኪና ላይ ቦታ አጣሁ ሊለኝ አይችልም።