ማስተካከያ፦ ማክቤዝን ያሳሳተው ትንቢት

ቀደም ሲል ባወጣነው የሼክስፒር ተውኔት የ«ማክቤዝ» ማጠቃለያ «ጠንቋዮቹ ማንም አይገድልህም አሉት፤ ጫካው በአስማት ተራምዶ ሲመጣ ወደቀ» ብለን ነበር። ሁለቱም ስህተት ነው።

በገቢር 4 ትዕይንት 1 ትንቢቱን የሚናገሩት ጠንቋዮቹ የጠሯቸው ሦስት ምትሃታዊ ምስሎች ናቸው። የመጀመሪያው የራስ ቁር የደፋ ጭንቅላት ሲሆን «ማክደፍን ተጠንቀቅ» ይለዋል፤ ማክደፍ ከስኮትላንድ መኳንንት አንዱ ነው። በደም የተነከረው ሕፃን ከሴት የተወለደ እንደማይጎዳው፣ ዘውድ ደፍቶ ዛፍ የያዘው ሕፃን ደግሞ የበርናም ጫካ የማክቤዝ ምሽግ ወዳለበት ደንሲኔን ኮረብታ እስኪመጣ እንደማይሸነፍ ይነግሩታል። ማጠቃለያችን የመጀመሪያውን ጨርሶ ዘሎታል፤ ከሁሉም የከፋው ግድፈት ይሄ ነው። ማክቤዝ ማስጠንቀቂያውን ሰምቷል። ማክደፍ ወደ እንግሊዝ መሸሹን ሲያውቅ ግን ነፍሰ ገዳዮች ልኮ ሚስቱንና ልጆቹን አስጨረሰ፤ ማክደፍንም የማይመለስ ደመኛ አደረገው።

ጫካው አልተራመደም። ማክቤዝ የገደለው ንጉሥ ልጅ ማልኮም ሊወጋው ሲመጣ የሠራዊቱ ብዛት እንዳይታወቅ እያንዳንዱ ወታደር ቅርንጫፍ ቆርጦ ከፊቱ እንዲይዝ አዘዘ፤ ከኮረብታው የሚጠብቀው ዘበኛ ያየው ይህንኑ ነው። በመጨረሻ ማክቤዝን የገደለው ማክደፍም ከእናቱ ማሕፀን ያለ ጊዜው ተቀዶ የወጣ ነው፤ «የተወለደ» የሚለው ቃል ላይ ነው ማክቤዝ የተታለለው።

«በደንሲኔን ተገደለ» ያልነው ለተውኔቱ ብቻ ይሠራል። የታሪኩ ማክቤዝ ከ1040 እስከ 1057 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድን ገዝቶ የሞተው ላምፋናን በተባለ የስኮትላንድ ቦታ ነው።