የብስክሌት ሱቅ የሚኖረው በጥገናው ነው

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በባሕር ዳር የብስክሌት ሱቅ ለመክፈት የሚያስቡ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው አዳዲስ ብስክሌቶችን እንዲያስመጡ ይመክራል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። አዲስ ብስክሌት ሰው በስንት ዓመት አንዴ የሚገዛው ዕቃ ነው፤ እስኪሸጥ ድረስ ገንዘቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል፣ የቤት ኪራዩ ግን አይጠብቅም። ኢትዮጵያዊው ብስክሌተኛ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ መወዳደሩ እኔንም ያኮራኛል፤ ነገር ግን ሱቁን የሚያቆየው የውድድር ብስክሌት ሳይሆን ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛውና አትክልት የሚያመላልሰው ነጋዴ ነው።

እነዚህ ሰዎች የሚመላለሱት ለካላማዳሪ፣ ለፍሬን፣ ለካቴና (ለሰንሰለቱ) ነው። በተለይ ካቴና! ሲረዝም ቆርጦ ማሳጠር መፍትሔ የሚመስላቸው ጠጋኞች አሉ። ካቴና የሚረዝመው መገጣጠሚያዎቹ ስለተበሉ ነው፤ ቢያሳጥሩትም የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ክብ ብረት አብሮ መብላቱን አይተውም። መለኪያው ቀላል ነው፦ 24 ተከታታይ ዘለበቶች አዲስ ሲሆኑ 30.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። 1.5 ሚሊ ሜትር ከጨመሩ ካቴናው ይቀየር። ይህን በማስመሪያ ለክቶ ለደንበኛው ዓይኑ እያየ የሚያስረዳ ባለሙያ ይታመናል፤ የታመነ ደግሞ ውሎ አድሮ አዲሱንም ብስክሌት ይሸጣል።

ስለዚህ መነሻ ገንዘብ ያለው ሰው መጀመሪያ ጥሩ መፍቻዎችን፣ የጎማ ማስተካከያ ማቆሚያና የ26 እና የ28 ኢንች ካላማዳሪ ይግዛ። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው መለዋወጫ ከየት በምን ዋጋ እንደሚገኝ ቢዘረዝሩልን እጅግ ይጠቅመናል።