ጳጉሜን የማያውቅ ምስክር

የእድራችን ጸሐፊ የሆንኩት በችሎታዬ አይደለም፤ ላፕቶፕ ስላለኝ ነው። የቀድሞው ጸሐፊ ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ሲለቁ፣ ዳኛው ጉባኤውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙና ቦርሳዬን ታቅፌ ጥግ በተቀመጥኩት በእኔ ላይ ዓይናቸውን አሳረፉ። “አንተ ልጅ፣ ያ የያዝከው ነገር ይጽፋል?” አሉኝ። “ይጽፋል” አልኩ። ተጨበጨበ። ምርጫው ያ ነበር።

በቀድሞው ጸሐፊ ዘመን ሥራው ይህን ያህል አልነበረም። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ አባሉ መዋጮውን በእጁ ይዞ ይመጣል፣ ገንዘብ ያዡ ምራቃቸውን ጣታቸው ላይ እያስነኩ ይቆጥራሉ፣ ጸሐፊው ከስሙ ጎን ምልክት ያደርጋል፣ አለቀ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ፣ ባንኮቹም በየስልኩ ከገቡ ወዲህ ግን እሑድ የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄደ። በሰውየው ፋንታ ስክሪንሾት ይመጣል።

ስክሪንሾት ደግሞ እንደ ብር አይደለም። ብር ምንም አይናገርም፤ ስክሪንሾት ለፍላፊ ነው። የማን ስልክ ባትሪ ሁልጊዜ ሊያልቅ እንደሚደርስ፣ የማን ስልክ ባልተመለሰ ጥሪ እንደተጨናነቀ አሁን አውቃለሁ። ይባስ ብሎ አንዳንዱ አባል የባንኩን መልእክት እንዳለ ይልከዋል፤ መልእክቱ ደግሞ ከመጨረሻው መስመር ላይ ቀሪ ሂሳብ ይጽፋል። በየለቅሶ ቤቱ “ዘንድሮስ እጅ አጠረኝ” እያሉ የሚተክዙ አንድ ጎረቤት አሉን። ቀሪ ሂሳባቸውን ካየሁ ወዲህ ትካዜያቸውን እንደ ድሮው አብሬያቸው መተከዝ አልቻልኩም።

ስለዚህ መቁረጥ ተማርኩ። የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ሺፍትንና ኤስን አንድ ላይ ስትጫን ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ቀስቱ ወደ መስቀል ይለወጣል፤ ከዚያ የምትፈልገውን ቦታ እንደ መሬት ለክተህ ታጥረዋለህ። ያጠርከው የአንተ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ የቀረው ደግሞ እንዳልነበረ ይሆናል። ከመሬት አስተዳደር በስተቀር እንዲህ በፍጥነት የሚያጥር አላየሁም።

ችግሩ መቁረጥ የተማርኩት እኔ ብቻ አለመሆኔ ነው። አንድ አባል የዓምናውን ደረሰኝ ቀኑን ቆርጠው ላኩልኝ። አያቶቻችን ነገር አምታቶ የሚያወራን ሰው “ቆርጦ ቀጥል” ሲሉ የት አይተውት ኖሯል? እኔ ሳላስተውል ተቀበልኩት፤ የያዙኝ ገንዘብ ያዡ ናቸው፤ “ይኼ ቁጥር ዓምናም ነበር” ብለው። ቆራጮችም ቢሆኑ ተማምነው መተኛት የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 እንደታወቀው፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ያለው መቁረጫ ሥዕሉን ቆርጦ በዚያው ፋይል ላይ መልሶ ሲያስቀምጥ የተቆረጠውን ክፍል ከውስጡ ሳያጠፋ ይተው ነበር፤ የሚያውቅበት ሰው መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ማይክሮሶፍት ቶሎ አስተካከለው። እኔ ግን እንደ ባለ ቀሪ ሂሳቡ ጎረቤቴ ለጥቂት ቀናት ተከዝኩ።

ዳኛው አንድ ቀን ሥራዬን ሊጎበኙ ቤት መጡ። መነጽራቸውን አድርገው የላፕቶፑን ቁልፎች ሲመረምሩ አንዷ ላይ ቆሙ። “ይቺ ‘ፕሪንት’ ትላለች” አሉና ተጫኗት። ምንም አልሆነም። ወደ ፕሪንተሩ ዞረው ጠበቁ። ፕሪንተሩ ዝም። “ተበላሽቶብሃል” አሉኝ። አልተበላሸም፤ ቁልፏ የስክሪኑን ሥዕል ድምፅ ሳታሰማ ማስታወሻዋ ውስጥ አስገብታ፣ ለጥፈኝ እስክትባል ትጠብቃለች ብዬ አስረዳሁ። ሳይለጥፏት ሌላ ከተነሳ ደግሞ የፊተኛዋ ትወድቃለች። “ታዲያ ለምን ‘አትም’ ትላለች?” እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም ባወጣው የግል ኮምፒውተር ላይ ከሺፍት ጋር ስትጫን የስክሪኑን ጽሑፍ በቀጥታ ወደ ፕሪንተር ትልክ ነበር። ሥራዋ ቀርቶ ስሟ ብቻ ቀረ። ዳኛው አላመኑኝም፤ ሲወጡም ፕሪንተሩን በጥርጣሬ ገላመጡት።

ከሁሉ የከፋው ግን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ላፕቶፑ እያንዳንዱን ስክሪንሾት ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን እስከ ሰከንዱ ደርድሮ ይሰይመዋል፤ ሁሉንም በፈረንጅ። አንዲት እናት “የሩፋኤል ዕለት፣ ያ የተባረከ ዝናብ ሲዘንብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የከፈልኩት” አሉ። ጳጉሜ 3 ቀን 2017 መሆኑ ነው። ደረሰኛቸው ላይ ያለው ግን 8፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 2025 ነው፤ ሰዓቱም ዘጠኝ። “ስምንት ከየት መጣ? ጳጉሜ ስምንት የላትም!” ብለው ተቆጡ። ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን አጥብቀው አነበቡና ፈረዱ፦ “ዘጠነኛው ወር ግንቦት ነው። ግንቦት 8 ቀን 2025 ከፍለዋል። ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል።” በዚያ ላይ “ለመሆኑ ለጳጉሜ መዋጮ አለ ወይ?” የሚል ጥያቄ ከኋላ ተነሳና ስብሰባው ሳይቋጭ መሸ።

አንዲት እማማ ደግሞ አሉን። ልጃቸው ከዱባይ ትከፍልላቸዋለች፤ ደረሰኙንም ለእሳቸው ትልካለች። እሳቸው ማስተላለፍ ስለማይሆንላቸው የልጅ ልጃቸው የእሳቸውን ስልክ በራሱ ስልክ ፎቶ ያነሳና ይልክልኛል፤ አውራ ጣታቸው፣ ስኒውና ድመቷም አብረው ይመጣሉ። ቆርጬ አስቀመጥኩ። “መድረሱን በዓይኔ ልይ” ብለው መጡ። ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየሁ። ልጁ የላፕቶፑን ስክሪን ፎቶ አነሳው። “ለማንኛውም” አሉና እሱንም ላኩልኝ። አሁን በእጄ ያለው፣ የስልክ ስክሪንሾት በስልክ ተነሥቶ ላፕቶፕ ላይ ሲታይ እንደገና በስልክ የተነሣ ፎቶ ነው። መዋጮው መቶ ብር ነው።

ጠቅላላ ጉባኤው በመጨረሻ ወሰነ፦ ስክሪንሾቱ ሁሉ ታትሞ መዝገቡ ላይ ይለጠፍ። ሦስት ቀን ሳትምና በሙጫ ስለጥፍ ሰነበትኩ። ዳኛው መዝገቡን ገልጠው ፊታቸው በራ፤ “‘ፕሪንት’ ትላለች አላልኩህም?”

ከዚያ ስም በስም ሲጣራ አንድ ባዶ መስመር ተገኘ። የጥር ወር፣ የጸሐፊው። የእኔ።

ከፍያለሁ፤ ስክሪንሾትም አለኝ። እዚያው ጉባኤው ፊት ላፕቶፔን ከፍቼ ፈለግኩ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ በስክሪንሾት ያለ ግን ይፈለጋል እንጂ አይገኝም። ከሺህ በላይ ፋይል፣ ሁሉም ስማቸው አንድ፣ ከቁጥራቸው በቀር። የሽሮ አሠራር አገኘሁ። ቀኑ ያለፈበት የሥራ ማስታወቂያ፣ ያልገዛሁት ጫማ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው የመድኃኒት ስም፣ “ይህን እንዳትረሳ” ብዬ በቀይ ያከበብኩት ምን እንደሆነ የረሳሁት ነገር አገኘሁ። የባለ ቀሪ ሂሳቡን ጎረቤት ያልተቆረጠ ሥዕልም በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አገኘሁ፤ ቶሎ ዘጋሁት፤ እሳቸው ግን አይተውታል፣ ሌላውም ሰው አይቶታል።

ተቀጣሁ። መዋጮውንም ቅጣቱንም እዚያው በስልኬ ከፈልኩና ስልኩን ለገንዘብ ያዡ አሳየሁ።

“ለእኔ አይደለም” አሉ ፊታቸውን አዙረው። “ሥርዓቱን ታውቀዋለህ። ስክሪንሾት አድርገህ ለጸሐፊው ላክ።”

ላኩለት። ማታ ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩና ሥዕሉን አጉልቼ ቀኑን ሁለት ጊዜ አየሁት። ትንሽ አጠራጠረኝ።