ዳውንሎድ ቆጥሮ "ሰው ቆጠርኩ" የሚል አቃጠለኝ

ገና ከስብሰባ መውጣቴ ነው፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ያቺ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የምትቀይረው ላይብረሪዬ (ሌሎች ፕሮግራመሮች ሥራቸው ውስጥ የሚከቷት ዝግጁ ኮድ) ዛሬ ስክሪን ላይ ወጥታ ተፈረደባት።

ሰውዬው የዳውንሎድ ግራፉን በእስክሪብቶ እየጠቆመ፣ "እህቴ፣ ይቺን እኮ የሚጠቀማት የለም። መስመሩን እዪው፣ መሬት ላይ ተኝቷል" አለኝ። የሚሠሩባትን ቢሮዎች ልዘረዝር አፌን ስከፍት፣ "ቁጥር አይዋሽም" ብሎ ስላይዱን ቀየረው። ቤቱ በሳቅ። አጠገቤ ያለው ልጅ በእሷ የሠራው ፎርም ላፕቶፑ ላይ ተከፍቶ እያለ አብሮ ሳቀ!

ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር ማን ጠየቀ? የጃቫስክሪፕት ኮድ የሚወርድበት ማከማቻ፣ ኤንፒኤም ራሱ፣ በፈረንጆቹ 2014 በግልጽ ጽፎታል። የሚቆጠረው ፋይሉ ከሰርቨር የወጣበት ጊዜ ነው። ኮድ በተነካ ቁጥር ሁሉንም እንደ አዲስ የሚያወርድ ማሽን ይቆጠራል። ሚረሩም (ማከማቻውን እንዳለ የሚገለብጠው ሰርቨር)፣ ሮቦቱም ይቆጠራል። በሩ ስንቴ እንደተከፈተ ቆጥሮ "ቤት ውስጥ ይህን ያህል ሰው አለ" ይባላል እንዴ?

የፓይተን ኮድ ማከማቻው የፓይፒአይ ዳታ እኮ ቢግኩዌሪ በሚባለው የጉግል ዳታቤዝ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። በተለመደው ማውረጃ በፒፕ የወረደውና ገልባጩ ፕሮግራም ባንደርስናች ለሚረር የወሰደው ተለይቶ ይታያል። ማን ደክሞ ይየው!

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ግልባጩ ነው። ኔት ውድ ነው፣ ይቆራረጣል። አንዱ ያወርድና ለቢሮው ሁሉ በፍላሽ ያድላል። መዝገቡ ላይ አንድ ናት። በእኛ 2015 ላይ ጳጉሜ 6 ስትመጣ ሲስተማቸው የተንገጫገጨባቸው በሌሊት የደወሉት ለማን ነበር? አመሰግናለሁ ያለኝ የለም፣ እሱም ይቅር።

ዳውንሎድ በዛ ማለትስ ሰው ፈልጎ መረጠው ማለት ነው? ሌፍት ፓድ የምትባል ጥቂት መስመር ኮድ በፈረንጆቹ መጋቢት 2016 ከኤንፒኤም ስትነሳ የስንቱ ሥራ ቆመ፣ ባቤል የሚባለው ስመ ጥሩ የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ሳይቀር። አብዛኛው ሰው መኖሯንም አያውቅም ነበር። ሌላ ፓኬጅ ተከትላ ነው የገባችው።

ባለፈው ዓመትም ይኸው ሰውዬ ኮድ በሚጋራበት ድረ ገጽ በጊትሃብ ላይ ሰው የሚሰጠውን ኮከብ ቆጥሮ የጓደኛዬን ሥራ አስጥሏል። ያኔ ዝም አልኩ፣ ዛሬ በእኔ መጣ።

ውሳኔው ምን ሆነ መሰላችሁ? ለጥገና የተሰጠኝ ሰዓት ተነሳ። "ብዙ ዳውንሎድ ያላትን የውጭዋን እንያዝ" ተባለ። አሥራ ሦስተኛ ወር የማታውቀዋን! ይያዟት። ማታ ስልኬ ዝግ ነው።