ሰነፉ እጢዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም

ሕመምም ደረጃ አለው። እግሩ የተሰበረ ሰው ወንበር ይለቀቅለታል፣ ቦርሳው ይያዝለታል፣ ደረጃ ሲወጣ ሦስት ሰው ይደግፈዋል። የታይሮይድ ሆርሞን ያነሰው ሰው ግን ለሰው የሚያሳየው ጄሶ የለውም። ስለዚህ ሕመሙ እንደ ጠባይ ይቆጠርበታል። ደከመኝ ካለ ሰነፍ ነው። ስልክ ካላነሳ ኮርቷል። ቀጠሮ ከረሳ ንቆናል። ፊቱ ካበጠ ደግሞ ተመችቶታል!

ጥፋተኛው ታይሮይድ የሚባል፣ አንገት ላይ ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ 20 ግራም ገደማ የሚመዝን እጢ ነው። በልብ ምት፣ በሰውነት ሙቀት፣ በአንጀት ፍጥነት ሁሉ እጃቸውን የሚያስገቡ ሆርሞኖች ያመርታል። እሱ ሲዘገይ ሁሉም ይዘገያል። ልብ ቀስ ይላል። ቆዳ ይደርቃል። ፀጉር ማበጠሪያ ላይ ይቀራል፤ የቅንድብ ጫፍ ሳይቀር ይሳሳል። ድምፅ ይጎረንናል። አንጀትማ ማንንም ሳያስፈቅድ እረፍት ይወጣል። መርሳትም አለ፤ እሱን ከላይ መጥቀስ ነበረብኝ።

ከሁሉም ከሰው ጋር የሚያጣላው ግን ብርዱ ነው። ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ በላብ ተጠምቆ መስኮት ሲከፍት፣ እኔ ሹራብ ላይ ጃኬት ደርቤ እዘጋለሁ። ይከፍታሉ፤ እዘጋለሁ። በመስኮቱ ጉዳይ ሁለት ቡድን ተፈጥሯል፤ አንደኛው ቡድን እኔ ነኝ። ስብሰባ መሀል ስካርፌን መጠምጠም ስጀምር አለቃዬ ልወጣ የተነሳሁ እየመሰለው «ገና አልጨረስንም እኮ» ይለኛል።

ምርመራውን ለሰው ማስረዳት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ቲኤስኤች የሚባለው፣ ፒቱታሪ የምትባለው ከአንጎል ሥር ያለች እጢ ለታይሮይድ የምትልከው ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ በተኛ ቁጥር ትእዛዙ ይበዛል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ከፍ አለ ማለት ሥራው ዝቅ አለ ማለት ነው። በብዙ ላቦራቶሪዎች ለአዋቂ ሰው ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ያለው ደህና ነው ይባላል። ይህን ለአክስቴ በስልክ ላስረዳ ሞከርኩ።

«ስንት ሆነ?» አለችኝ።

«18።»

«ከስንት?»

«ከ4 መብለጥ አልነበረበትም።»

«ጎሽ የኔ ልጅ! ድሮም ጎበዝ ነሽ።»

መንስኤው ሃሺሞቶ ነው ተባልኩ። ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 ጽፈውበት ነው በስማቸው የቀረው። የሰውነት የራሱ መከላከያ ታይሮይዱን ጠላት አድርጎ ይወጋዋል። አዮዲን በበቂ በሚገኝበት አካባቢ ታይሮይድን በማዳከም የሚስተካከለው የለም። አንዷ ጓደኛዬ ግን ሃሺሞቶ ስላት የሞተር ሳይክል ማርካ መስሏት «መቼ መንጃ ፈቃድ አወጣሽ?» አለች።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሕመሙ ሳያንሰኝ መካሪው ተጨመረልኝ። አንዷ ጨው አብዢ ትላለች፤ አዮዲን አለበት ብላ። ሌላዋ ጨው የሚባል እንዳታዪ ትላለች። አንዱ ጥሬ ጎመን በዞረበት አትዙሪ ይላል። ሌላው የጎመን ጭማቂ በጠዋት ያዘኛል። ሃሺሞቶ ላለበት ሰው ከልክ ያለፈ አዮዲን ነገሩን ሊያባብስበት እንደሚችል ሐኪሜ ነግራኛለች። ግን የሐኪም ቃል ከጎረቤት ቃል በምን ይበልጣል? መካሪዎቼ የሚጣሉት በጎመኑ ነው እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ «ክኒኑን ተይው፣ ይለምድብሻል።»

መልመዱንማ ይልመድብኝ! እጢው ያላመረተውን ነው የሚተካልኝ። እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሪ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህ ሕመም ለጸናባት አንዲት ሴት ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ መድኃኒት በመርፌ ሰጧት። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች። እኔ አንዲት ሚጢጢ ክኒን ስውጥ ከንፈር የሚመጥልኝ ሰው፣ ያን ጊዜ ቢኖር ለበጉ ነበር የሚያዝነው።

ክኒኗ ሌቮታይሮክሲን ትባላለች። ትንሽ ናት፤ ኩራቷ ግን አይጣል ነው። ሆድ ውስጥ ከማንም ጋር መገናኘት አትወድም። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድማ ትዋጣለች። ቡና ካገኘችው በደንብ ወደ ደም አትገባም። የካልሲየምና የአይረን ክኒን ደግሞ 4 ሰዓት ያህል ይራቁልኝ ትላለች። ይህ ሁሉ እንግድነት በሄድኩ ጠዋት ነው የሚብሰው። ቡናው ፊቴ ቀርቧል፣ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። የጋበዘችኝ የቤቱ እመቤት ቅር ይላታል።

«ምነው፣ የምትጠብቂው ሰው አለ?»

«የለም፣ 20 ደቂቃ ነው የምጠብቀው።»

«ቡናዬን ነው?»

ከዚህ በኋላ ስለ አንጀት የመምጠጥ አቅም ማብራራት ቡናውን ከማቀዝቀዝ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

መድኃኒቱ ደግሞ አይቸኩልም። ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት እንኳ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ደም ተመርምሮ ልክነቱን ለማወቅ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው። ጠያቂዎቼ ግን በሦስተኛው ቀን ይደውላሉ። «አሁንም አልተሻለሽም?» እስከ መቼ እንደምወስደው ሲጠይቁኝ «ዕድሜ ልኬን» እላለሁ። ፍርድ ቤት ቆሜ የመጣሁ ይመስል ፊታቸው ይለዋወጣል። ይግባኝ በይ ማለት ነው የቀራቸው።

ስለ ክብደቱ ሹክ ልበላችሁ። ታይሮይድ የሚጨምረው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ነው፤ እሱም ቢሆን በአብዛኛው ጨውና ውሃ ነው ይላሉ ሐኪሞች። እኛ ባለ እጢዎች ይቺን አንቀጽ ለማንም አናነብም። 15 ኪሎውን በሙሉ በእጢው ስም አስመዝግበን ቁጭ ብለናል። ምን ይደረግ! ሰው ስንፍናችንን ያለ ማስረጃ ካመነ፣ ሕመማችንንም ትንሽ አስፍቶ ቢያምን ምን አለበት? ሳህን አለማጠብም፣ የሠርግ ጥሪ መቅረትም፣ የማይወዱት ዘመድ ሲደውል መተኛትም በዚሁ ፋይል ይገባል።

የእኔ ፋይል ግን በቅርቡ ተዘጋ። ቲኤስኤች 2.1 ሆነ። ባለቤቴ ወረቀቱን ከእኔ ቀድሞ አነበበው። ቁጥሩ ተስተካክሎም ድካሙ ቶሎ የማይለቃቸው ሰዎች እንዳሉ ላስረዳው ሞከርኩ። አልሰማኝም። ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጥፎታል። አሁን ደከመኝ ባልኩ ቁጥር ምንም ሳይናገር በጣቱ ወደ ፍሪጁ ይጠቁማል።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። ቢያንስ እሷ ደስ ይላታል ብዬ ነው።

«ከ18 ወደ 2? ምን ነካሽ ልጄ?»